ከሻያ ማዶ የተከልኩት ድንኳን

የመጨረሻዋን ድንኳኔን የገዛት የሲናና ገበሬ ነው። ሸራዋን ግቢዬ ውስጥ ዘርግቶ፣ ጫማውን አውልቆ በላይዋ እየተራመደ ቀዳዳ ሲፈልግ ቆየና “እትዬ፣ ለምን ነበር የሚጠቀሙባት?” አለኝ። ለሠርግ፣ ለለቅሶና ለምርጫ አልኩት። ትንሽ አሰበና እሱ የፈለጋት ለስንዴ መሆኑን ነገረኝ፤ ኮምባይነር ያራገፈውን እህል ዝናብ እንዳይመታበት። ከእኔ የተሻለ ጡረታ ወጥታለች።

ሮቤ ላይ የድንኳን ኪራይ አልቆለታል ማለት ይቻላል። ሠርጉ አዳራሽ ገባ፣ ምርጫው ትምህርት ቤት ገባ። የቀረን ለቅሶ ነበር፤ እሱንም እድሮቹ የየራሳቸውን ድንኳን ገዝተው ወሰዱት። ጉልበቴም ካስማ ለመምታት እንቢ ካለኝ ሰንብቷል፤ ስለዚህ ማንም ሳያባርረኝ ወጣሁ። የመንግሥት ሠራተኛ ሲወጣ ሻይ ይጠጣለታል፣ ጋቢ ይለብሳል። ነጋዴ ሲያቆም ደንበኛው ወደ ቀጣዩ ሱቅ ይሄዳል፣ አለቀ። እኔም ራሴን ልሸኝ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። የምጽፈውም በአብዛኛው ስለ ምርጫ ክልላችን ነው። ሌላው ሰው በካርታ ያውቀዋል፤ እኔ የማውቀው በካስማ ነው።

ሥራውን የተማርኩት ጎባ፣ ጋሽ ወልዴ ዘንድ ነው። ጎባ ያኔ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማነቷ የቀረ ቢሆንም ለማመን ገና አልተሰናዳችም ነበር፤ ጋሽ ወልዴም እንደዚያው። ረጅም፣ ካፖርታቸውን ፀሐይ ላይም የማያወልቁ፣ ሮቤን “ያ የስንዴ ማሳ” የሚሉ ሰው ነበሩ። ድንኳን፣ አግዳሚ፣ ድስትና ሰሃን ያከራያሉ። የገባሁት ሰሃን አጣቢ ሆኜ ነው። የሳነቴ ተራራ ብርድ በወረደበት ጠዋት የጎባን ውኃ የነካ ሰው ለምን ወደ ድንኳን ተካይነት ለማደግ እንደቸኮልኩ አይጠይቀኝም።

ጋሽ ወልዴ ብዙ አያወሩም፤ የሚያደርጉትን ግን ሁልጊዜ ያደርጉታል። ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ሲደርሱ መጀመሪያ አንድ ጣሳ ውኃ ያስመጡና መሬት ላይ ያፈሳሉ። ውኃው ወዴት እንደሄደ አይተው ነው በሩን የሚወስኑት። ቀጥሎ የአቀማመጥ ነገር አለ። ሩቅ የመጣ እንግዳ ወደ ውስጥ፣ ምሰሶው አጠገብ ይቀመጣል፤ የሰፈሩ ሰው በሩ ጋና ውጭ ነው። ዝናብ ቢመጣ የሚመታው የሰፈሩ ሰው ነው፣ ለእንግዳ አይደርሰውም። ይህን ለማንም አያስረዱም፤ አግዳሚውን ብቻ እንደዚያ ይደረድራሉ፣ ሰውም እንደተደረደረው ይቀመጣል።

ሦስተኛው ልማዳቸው ደግሞ ዋናው ነው። ካስማ ከመመታቱ በፊት በአካባቢው ያለውን በር ሁሉ እየዞሩ ያንኳኳሉ። “አቶ እከሌ ልጅ ሊድሩ ነው፤ ድንኳኑ የደስታ ነው” ይላሉ፤ ወይም “እገሌ አርፈዋል” ይላሉ። አንድ ቀን መንገዱ ጭቃ ሆኖ ሰልችቶኝ፣ ሲተከል ያዩት የለ ወይ አልኳቸው።

“ሸራ አይናገርም አስካለ” አሉኝ። “አንቺ ነሽ የምትናገሪለት።”

ያኔ የሽማግሌ ነገር መስሎኝ ነበር።

ኋላ የራሴን ሁለት ድንኳን ገዝቼ ወደ ሮቤ ወረድኩ። ጋሽ ወልዴ እንደ ከዳኋቸው ቆጥረው ጥቂት ጊዜ አኮረፉኝ፤ ከዚያ የማሳው ሰው እንዴት ነው እያሉ በሚኒባስ ሾፌሮች ሰላምታ ይልኩብኝ ጀመር።

አሁን ክልላችንን ላሳያችሁ። የጎባ በኩል ዳገት ነው፤ ባሕር ዛፍ፣ ድንጋይ፣ ብርድ። ካስማው አልገባ ብሎ ያስለቅሳል፤ አንዴ ከገባ ግን አይነቀልም። የጎባ መራጭም እንደዚያው ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ በዝግታ ይመጣል፤ ሰልፍ ላይ ቆሞ የቀድሞውን አስተዳዳሪ፣ ከዚያም በፊት የነበረውን ያነሳል፤ ሐሳቡን ግን ቤቱ ጨርሶ ነው የመጣው። የሮቤ መሬት ጥቁር ዋልካ ነው። ካስማውን በጣት ትገፊዋለሽ፤ ሲዘንብ ደግሞ በጣት ትነቅይዋለሽ። ሮቤዎች ነጋዴዎች ነን፤ መጀመሪያ ሰልፉ ማጠሩን የሚያይ ሰው እንልካለን፤ የተላከው ሰው ደግሞ እዚያው መርጦ ይመለስና ረጅም ነው ይለናል። በሲናና በኩል ሜዳው እስከ አድማስ ነው፤ የሚያስቸግረው ነፋሱ ነው፣ ገመድ እጥፍ ያስፈልጋል። የሲናና ገበሬ ሳይነጋ ጋሪ ሙሉ ሆኖ ይመጣል፤ ቆሞ እያለ “ጠሉ ሳይደርቅ ልቀቁን” ይላል፤ መርጦ ወደ እርሻው ይገባል። ማን እንዳሸነፈ ከሌሎቻችን በኋላ ነው የሚሰማው፤ ብዙም የጎደለበት አይመስልም።

ክልሉ በሙሉ ሲታይ በአንድ በኩል ገመዱ የላላ ድንኳን ነው። የላላው ወገን ወንዙ ጋ ነው፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ትምህርት ቤት በሌለበት ሁሉ የምርጫ ጣቢያው በድንኳን ይሆን ስለነበር፣ አምስት ዓመት በመጣ ቁጥር ከምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ሰው ይመጣብኛል። ስለ ክፍያው ብዙ አልልም፤ ሦስት ፊርማ ይፈልጋል፣ ሦስተኛው ፈራሚ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። ግን ሥራውን እወደው ነበር። ወረቀቱ ላይ ብዙ ምልክት ተደርድሮ ጎረቤት ከጎረቤት በምልክት የተኳረፈበትን ምርጫ አይቻለሁ፤ ሰው ሳይመርጥ ውጤቱን የሚያውቅ የሚመስልበትንም አይቻለሁ። እኔ ማንን እንደመረጥኩ ከመጋረጃው ጀርባ ቀርቷል፤ መጋረጃው ደግሞ የራሴ ነው፣ ጥሩ አድርጌ ነው የሰፋሁት። አንድ ነገር ግን እመሰክራለሁ፤ በየምርጫው፣ በየትኛውም ድንኳን፣ የተቀያየሙትም ቢሆኑ ሰልፍ ላይ ለአሮጊት ቦታ ይለቃሉ። የሚመረጠው ሰው አዲስ አበባ ይገባል፤ ለአሮጊቷ ቦታ የለቀቀው እዚሁ ይቀራል። እኔ የነገድኩት ከሚቀረው ጋር ነው።

ወደ ላላው ገመድ ልመለስ። ከሻያ ወንዝ ማዶ ያለው ሰፈር ድሮ የስንዴ ማሳ ነበር። ቀስ በቀስ ቆርቆሮው በዛ፤ ከብድሬ ቆላ የወጣ ከብት ነጋዴ፣ ቤት ኪራይ ያቃጠለው የጎባ ጸሐፊ፣ ከገጠር የመጣ አዲስ ሙሽራ፣ ሁሉም እዚያ መሬት ያዘ። ጎባን ሲጠይቁት የሮቤ ነው፣ ሮቤን ሲጠይቁት ገና አልተወሰነም የሚባል ሰፈር ሆነ። ለስሙ እንኳ ማንም አልተጨነቀለትም፤ ማዶ ተባለ። የማዶ ሰው የሚመዘገበውና የሚመርጠው ከወንዙ ወዲህ ባለ ትምህርት ቤት ነበር። ድልድዩ ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ አቋራጩ ድንጋይ እየረገጡ መሻገር ነው፤ በምርጫው ወቅት ደግሞ ሻያ በዝናብ ይሞላል። ስለዚህ ወጣቱ ይሻገራል፤ አሮጊቶችና እርጉዞች ዳር ቆመው አይተው ይመለሳሉ።

ይህን ነገር ሥራዬ ብሎ የያዘው ኦቦ ጀማል ነው። ዕድሜውን በሙሉ የሮቤ ጎባ ሚኒባስ ሲነዳ የኖረ፣ ወገቡን የታመመ፣ ሚስቱ ሞታበት ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነው። የእኔ ደንበኛም ወዳጅም ነበር፤ አንተ የምለው በወጣትነታችን ድንኳኔን ጣሪያው ላይ ጭኖልኝ ስለሚሄድ ነው። በዱላው እያነከሰ ቢሮ ለቢሮ ዞረ። በኦሮምኛ አስረዳ፣ በአማርኛ አስረዳ፤ የማይሆን ሲመስለው ቁጭ ብሎ ዝም ይላል፤ ሹፌር ስለሆነ መጠበቅ ያውቅበታል። በመጨረሻ የምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ሰውዬ ተሸነፈ። ለማዶ ጊዜያዊ ጣቢያ ሰጠ፤ ግን ቁርጡን ተናገረ፤ የተመዘገበው ሰው በብዛት ካልመጣ ጣቢያው ይታጠፋል፣ ማዶም እንደ ድሮው ወንዝ ይሻገራል።

ኦቦ ጀማል ይህን ሊነግረኝ ሱቄ ሲመጣ የቀዳሁለት ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሳቀ። “አዴ አስካለ፣ ሰው ይመጣል። ባይመጣ እኔ ጭኜ አመጣዋለሁ” አለኝ።

ድንኳኑ ሊተከል የታሰበው ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ሥር ነበር፤ ለሰውም የተነገረው እሱ ነው። ዋዜማውን ዝናቡ ወረደ። ከሰዓት በኋላ ሄጄ እንደ ጋሽ ወልዴ አንድ ጣሳ ውኃ ላፈስ ስል ውኃው ቀድሞኝ ነበር፤ ዛፉ ሥር ዳክዬ ቢኖር ይዋኛል። በማዶ ውኃ የማይተኛበት ሜዳ አንድ ብቻ ነው፣ የኦቦ ጀማል ቤት ፊት ለፊት። የጣቢያው ኃላፊ ገና ጢሙን ያልጨረሰ፣ ጨዋ፣ ደንብ የሚፈራ ወጣት መምህር ነበር። ወደዚያ እንዛወር ተባባልን፤ ለጽሕፈት ቤቱም ደውሎ አስፈቀደ።

ባለ ቀለሟን የሠርግ ድንኳን ጭኜ ነበር፤ መምህሩ አየና ቀለሙ የአንዱን ተወዳዳሪ ይመስላል ብሎ ፈራ። ያለ ቀለም የቀረችኝ ለለቅሶ የማከራያት ግራጫዋ ናት። እሷን ተከልን። ከዚያ እንደ ልማዴ በር ለማንኳኳት ስነሳ መምህሩ እጁን ዘረጋ።

“እትዬ አስካለ፣ የጽሞና ጊዜ ነው። ቤት ለቤት መዞር ቅስቀሳ ይሆንብናል።”

“ድንኳን ተዛወረ ማለት ቅስቀሳ ነው?”

“ታዛቢዎች አሉ። በር ላይ ማስታወቂያ እንለጥፋለን፤ በቂ ነው።”

ልጁ ከደንቡ የወጣ ነገር አላዘዘኝም። ማስታወቂያው ተለጠፈ፤ ዝናቡ ወዲያው አነሳው።

ኦቦ ጀማል በዚያ ሳምንት ጎባ ሆስፒታል ለወገቡ ተኝቶ ነበር፤ ከወጣ ገና መሽቶ ነግቶለት ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። የምርጫው ቀን ጎሕ ሲቀድ ደግሞ በሩን ቆልፎ፣ የወንድሙን ልጅ ሚኒባስ ለምኖ፣ ጎባ ገበያ የሚነግዱትን የማዶ ሰዎች ሊያመጣ ሄደ። ጭኜ አመጣቸዋለሁ ብሎ የለ።

እንግዲህ የማዶ ሰው በጠዋት ወጣ። ዛፉ ሥር ምንም የለም። አሻግሮ ሲያይ ከሆስፒታል የወጣው ኦቦ ጀማል ቤት ፊት ግራጫ ድንኳን ተተክሏል። በሩ ተቆልፏል። ሙስሊም ደግሞ ሲሞት አይቆይም፤ ወስደውታል ማለት ነው። የቀረውን ማንም ለማንም መንገር አላስፈለገውም።

በአገራችን ለቅሶ ድንኳን ገብቶ ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ገብተሽ ትቀመጫለሽ፣ አንገትሽን ትደፊያለሽ፣ ሌላው ሰው ሲያወራ ትሰሚያለሽ። መጀመሪያ የመጡት አሮጊቶች እንዲሁ አደረጉ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ገቡና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ከእነሱ በኋላ የመጡት አሮጊቶቹን አይተው ተቀመጡ። ኮሮጆው ከመጋረጃው አጠገብ ነው፤ መጋረጃው የቤተሰብ መከለያ መሰላቸው። ጠረጴዛው ላይ መዝገብ ዘርግታ የተቀመጠችው ልጅ የእድሩ ጸሐፊ መሰለቻቸው። መምህሩ ደስ ብሎት ወደ እኔ ጠጋ አለና “ሥርዓታቸው ያስደንቃል። አንድም ሰው አይጋፋም” አለኝ።

እኔ ዕቃ ስደረድር ነበርና ቀና ብዬ አየሁ። ነጠላቸው ተዘቅዝቋል። በዚያው ቅጽበት አንድ ሽማግሌ ጠረጴዛው ላይ የእድር መዋጮ አስቀምጠው ጸሐፊዋን “አላህ ያጽናችሁ” አሏት። ታዛቢው ይህ በቃለ ጉባኤ ይያዝ አለ።

ተነስቼ ኦቦ ጀማል ደኅና ነው፣ ይህ ምርጫ ነው አልኩ። ሁሉም በአዘኔታ አዩኝ። ወዳጁ ስለሆንኩ አልቀበል ብዬ መሰላቸው፤ አንዷ እንደውም አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ። ይኸው እንዳልላቸው የለም፤ ስልኩም ተዘግቷል፤ ሚኒባስ ሲይዝ ስልክ የማያነሳ የድሮ ሹፌር ነው። መምህሩም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይህ የምርጫ ጣቢያ መሆኑን ሊያስረዳ ሞከረ። አንዲት አሮጊት፣ አዴ ሙሚና የምንላት የኦቦ ጀማል የግንብ ጎረቤት፣ እጁን ያዝ አደረገችው።

“ልጄ፣ ዛሬን እንኳ ተዉት። ሰው ሞቷል።”

ይህን ጊዜ የሰፈሩ ወንዶች አንዳቸውም ወደ ድንኳኑ አልመጡም ነበር። አካፋና ዶማ ይዘው በቀጥታ መቃብር ሄደዋል። ሮቤና ጎባ ለሚሠሩት የማዶ ሰዎች ተደውሎላቸው እነሱም ወደዚያው ነድተዋል። ኦቦ ጀማል ጎባ ገበያ ሲደርስ የሚፈልጋቸው ሰዎች ሱቃቸው ዝግ ነው። ጎረቤት ሲጠይቅ ቀብር ሄደዋል አሉት፤ የሻያ ማዶ ሰው ሞቶባቸው። የቀረውን ባለ ወፍጮው እስከ ዛሬ እየማለ የሚያወራው ነው። ኦቦ ጀማል የሰፈሩ ሰው ከሞተ ማን ነው ብሎ ቆሞ አይጠይቅም፤ ይቀብራል እንጂ። ሚኒባሱን አዙሮ መቃብሩ ጋ ሄደ፣ ዱላውን ተደግፎ ከሰዉ ኋላ ቆመ፣ ፊት ለፊቱ ላለው ሰው በሹክሹክታ ተናገረ። ያ ሰው ባለ ወፍጮው ነው።

“ማን ነው?”

“ኦቦ ጀማል ነው” አለ ባለ ወፍጮው ሳይዞር።

“የትኛው ጀማል?”

“የእኛው። ሾፌሩ።”

“ኢና ሊላሂ” አለ ኦቦ ጀማል ከልማድ። ባለ ወፍጮው ድምፁን ሲሰማ ዞረ። ከዚያ ሁሉም ዞረ። ዶማ የወደቀበት አለ፤ የሮጠም አለ ይባላል፣ እንዳልሮጠ የሚምል አንድ ሰውም አለ። ኦቦ ጀማል ግን ሕዝቡን ከዳር እስከ ዳር ሲያይ ማዶ በሙሉ እዚያ መሆኑን አወቀ። መጀመሪያ የተናገረው ቃል ይህ ነው።

“ካርዳችሁን ይዛችኋል?”

ማን ካርድ ይዞ መቃብር ይቆፍራል። ካርዱ ቤት ነው፣ ቤቱ ማዶ ነው፣ ዝናቡም እንደገና ጀመረ። ኦቦ ጀማል በዚያ ወገቡ ሚኒባሷን ሲያመላልስ ዋለ፤ ጎማው በዋልካው ሲያዝ ቆፋሪዎቹ በዚያው አካፋ አወጡለት። ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ ለቅሶው ወዲያው አልቆመም፤ ጎባ ያለችው እህቱ ደርሳ ስለነበር፣ ይባስ ብላ አንገቱን ይዛ አለቀሰች። ኦቦ ጀማል በትከሻዋ ላይ ሆኖ ለአሮጊቶቹ በዱላው ኮሮጆውን ያሳያል። አዴ ሙሚና ነጠላዋን አቃንታ፣ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አይታ፣ “ሳታስታውቅ ትሞታለህ፣ ሳታስታውቅ ትነሳለህ” ብላ ተቆጥታ ሰልፍ ያዘች።

መዝጊያው ሰዓት ሲደርስ ሰልፍ ላይ የነበረው ሁሉ መረጠ። መንገድ ላይ የነበረው ቀረ። ከመቃብር በእግሩ የመጣው፣ ካርዱን ፍለጋ ቤቱን የገለበጠው፣ ጎባ ተመልሶ የሄደው፣ ሁሉም ቀረ። ኮሮጆው ሲከፈት ከግማሽ አልደረሰም። መምህሩ ጥፋቱን ያደረገው ራሱ ላይ ነበር፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ገመድ ስፈታ ጋሽ ወልዴ በጭቃ ውስጥ በር ሲያንኳኩ ብቻ ነበር የሚታየኝ።

ጽሕፈት ቤቱም ያለውን አደረገ። ጣቢያው ታጠፈ። ኦቦ ጀማል ደብዳቤውን አስነብቦ ሲጨርስ ሳቅ አለና “ሰው አልመጣም ይላሉ። እኔ ግን አይቼዋለሁ፤ ሲመጣ የት እንደሚመጣ ነው ያላወቁት” አለኝ። በሚቀጥለው ምርጫ ማዶ እንደገና ወንዝ ተሻገረ። ኦቦ ጀማል የባለ ወፍጮውን ትከሻ ተደግፎ ድንጋይ ለድንጋይ ሲረግጥ ከወዲህ ዳር ቆሜ አየሁት። አዴ ሙሚና ከማዶ ዳር ቆማ ካርዷን በመሐረብ ጠቅልላ ይዛ ቀረች።

ከዚያ በኋላ ኦቦ ጀማል ብዙም አልቆየም። ማረፉን ልትነግረኝ የደወለችው እህቱ ናት። ያችኑ ግራጫ ድንኳን አስጭኜ ሄድኩ። መጀመሪያ ውኃ አፈሰስኩ። ከዚያ ካስማ ሳላስመታ በር ለበር ዞርኩ። በየበሩ የማገኘው መልስ አንድ ነበር፤ “አሁንስ እውነት ነው?” ይሉኛል። እውነት ነው እላለሁ።

ሕዝቡ መጣ። የማዶ ሰው፣ የጎባና የሮቤ ሹፌር፣ በሚኒባሱ አሳፍሮ ያሳደገው ተማሪ ሁሉ መጣ። አግዳሚውን እንደ ጋሽ ወልዴ ደርድሬዋለሁ፤ እንግዳው ውስጥ፣ የሰፈሩ ሰው በሩ ጋና ውጭ። አዴ ሙሚና ስትመጣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ በእጇ መሐረቧን ይዛ ነበር። ምንድን ነው አልኳት። ካርዷ ነው። “ለሁለቱም ይሆናል ብዬ ነው” አለችኝ።

የምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ሰውዬም ሊያስተዛዝን መጣ። ስንት ዓመት ቢሮው ቁጭ ብሎ ዝም ሲል ያየውን ሽማግሌ መቅበር ሳይከብደው አልቀረም። ውስጥ፣ ምሰሶው አጠገብ አስቀመጥኩት። ሲወጣ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆመና ውጭ ያለውን ሕዝብ አየ። መንገዱን ሞልቶ እስከ ወፍጮ ቤቱ ደርሷል፤ ያካፋል፣ ማንም አልተነቃነቀም።

“ይህ ሁሉ ከየት የመጣ ነው?” አለኝ።

“እርስዎ የተቀመጡበት የእንግዳው ቦታ ነው። ዝናብ ላይ የቆመው ማዶ ነው” አልኩት።

ረጅም ጊዜ ቆሞ አየ። እኔ ለቅሶ ላይ የጣቢያ ነገር አላነሳሁም፤ ነጋዴ ብሆንም የሚሸጥበትን ቦታ አውቃለሁ። ግን ቆሞ እስኪበቃው አየ።

ያለፈው ምርጫ ሊደርስ ሲል ያው ሰውዬ ደወለልኝ። ለማዶ ድንኳን ፈለገ፤ ጣቢያው በቋሚነት ነው፣ ድንኳኑ እዚያው ማዶ የሚሠራው ትምህርት ቤት እስኪያልቅ። ዛፉ ሥር ድንጋይ ተነጥፎ ከፍ ብሏል፤ ውኃ አፍስሼ አየሁት፣ ጥሩ ነው። የጣቢያው ኃላፊ ያው መምህር ነበር፤ ጢሙ ሞልቷል። ዋዜማውን ራሱ አብሮኝ በር ለበር ዞረ። እኔ አንኳኳለሁ፣ እሱ “ምርጫ ነው፤ ማንም አልሞተም” ይላል። ማስታወቂያ በሙሉ የዚያችን ቃል ያህል አይናገርም።

ሲነጋ ድንኳኑን ከፍተን ብንቆም ደጁ ላይ ሰው የለም። መምህሩ ፊቱ አመድ መሰለ። እኔም አንገቴን አስግጌ ወዲያና ወዲህ ሳይ ሰልፉን አየሁት። ረጅም፣ ቀጥ ያለ ሰልፍ ነው፤ ካርዱን ያልያዘ የለም። የተሰለፉት ግን እኛ ጋ አይደለም፤ የኦቦ ጀማል የተቆለፈ በር ላይ ነው። ከፊት አዴ ሙሚና ናት። መምህሩ እየሮጠ ሄዶ፣ እማማ ጣቢያው እዚያ ነው፣ ለምን እዚህ ቆማችሁ አላት።

“እናውቃለን” አለችው። “እሱን ይዘን ልንመጣ ነው።”

ከዚያ ሰልፉ እንዳለ ወደ ዛፉ ተንቀሳቀሰ። ኮሮጆው እኩለ ቀን ሳይሆን ሞልቶ ሌላ ተጠየቀ። መምህሩ ሰልፉ ከየት እንደጀመረ በቃለ ጉባኤው ላይ ምን ብሎ እንደጻፈው አልጠየቅሁትም።